የማጅራት ነገር

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ዓምድ የሚያነቡት አቀርቅረው ከሆነ፥ እባክዎ ቀና ይበሉ፤ ትከሻዎንም ዝቅ ያድርጉት። ይኸው ተስማማን፤ አሁን ወደ ጨዋታችን እንግባ።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ማጅራት ነው። ማጅራት ሸክሙን ችሎ ዝም የሚል የሰውነት ክፍል ስለ ሆነ፥ ካላመመን በቀር ትዝ አይለንም። የአዋቂ ሰው ራስ ክብደቱ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ይደርሳል። ይህን የሚሸከሙት ሰባት የአንገት አጥንቶችና በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ራስ ቀና ሲል ሸክሙ በአብዛኛው በአጥንቱ ላይ ያርፋል፤ ወደ ፊት ሲደፋ ግን ጡንቻው እንደ ገመድ ተወጥሮ ሊይዘው ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ተማሪው በደብተሩ፥ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ በፋይሉና በኮምፒዩተሩ፥ ሁላችንም ደግሞ በእጅ ስልካችን ላይ ተደፍተን ስንውል፥ ማታ ማታ ማጅራታችን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቢጠይቀን ምን ያስደንቃል?

ታዲያ ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ስለ ምን ያስፈራናል? አንዱ ምክንያት በቋንቋችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሐኪሞች ሜኒንጃይትስ የሚሉትን ክፉ በሽታ እኛ ከምልክቱ ተነሥተን «ማጅራት ገትር» ብለነዋል። አገራችንም ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው፥ ፈረንሳዊው ሐኪም ላፔይሶኒ በ1963 እ.ኤ.አ. «የማጅራት ገትር ቀበቶ» ብሎ በገለጸው ምድር ውስጥ ትገኛለች። በ1981 እና በ1989 እ.ኤ.አ. ትልልቅ ወረርሽኞች አይተናል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀበቶው አገሮች በተሰጠው ክትባት ዋናው ዓይነት ጠፍቷል ለማለት ቢቻልም፥ ሌሎቹ ዓይነቶች ዛሬም አሉ። ስለዚህ ማጅራቱ የተገተረበት ሰው ስሙን አስታውሶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

እኔም ደንግጬ ነበር። ባለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት ሳርም ሰንብቼ አንድ ጧት አንገቴ አልዞር አለኝ። ሕመሙ አንድ ሳምንት፥ ሁለት ሳምንት፥ ሦስት ሳምንት ቆየ። በየሰዓቱ አገጬን ወደ ደረቴ አስጠግቼ እሞክራለሁ፤ ከመንጋጋዬ በታች ዕጢ አብጦ እንደ ሆነ በጣቴ እየጫንሁ እፈትሻለሁ። አንድን ሥፍራ በቀን ሃያ ጊዜ ቢጫኑት ጤነኛውም እንደሚታመም ግን አላሰብሁም። ሌሊት በስልኬ ስለ በሽታ ሳነብ አመሻለሁ፤ ሲነጋ ሦስት አዳዲስ በሽታዎች ይዤ እነሣለሁ። እንግሊዛዊው ጀሮም ኬ. ጀሮም በ1889 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሦስት ሰዎች በጀልባ» በተባለው የቀልድ መጽሐፉ፥ የሕክምና መጽሐፍ ሲያገላብጥ ከአንዱ በቀር በሽታው ሁሉ እንዳለበት የተረዳ ሰው ያሳየናል። እኔ ያን አንዱንም አላስቀረሁም።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ጠየቀኝ፤ እጄን አስጨበጠኝ፤ ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ አስሄደኝና «ጡንቻ ነው» አለኝ። ደስታዬ እስከ ማታ ድረስ ቆየ። ማታ ግን «አንድ ነገር ረስቶ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ለታናሽ እህቴ ትምህርት ካስቀመጥሁት ገንዘብ አንሥቼ ሁለተኛ ሐኪም ዘንድ ሄድሁና ራጅ ተነሣሁ። መልሱ ያው ነበር። ገንዘቡን እንዳጎደልሁ ለእህቴ ስነግራት ስለ ገንዘቡ ምንም አላለችም። «ጋሼ፥ እርስዎ ግን ይህን አንገት መነካካቱን ቢተዉትስ?» ብቻ አለችኝ።

ራጁ ያልነገረኝን እርሷ ነገረችኝ። ሰው ሲፈራ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ ጡንቻው ይጨመደዳል። የተጨመደደ ጡንቻ ያማል፤ ሕመሙም ፍርሃቱን ይጨምራል፤ ፍርሃቱ ደግሞ መልሶ ጡንቻውን። ስለዚህ «ሕመምህ የሐሳብ ነው» የሚል ወዳጅ ቢኖርዎ ተሳስቷል፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው። ሐሰተኛው ፍርሃታችን ለሕመሙ የሚሰጠው ትርጓሜ ነው።

ይህን ስል ግን ሐኪም አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ትኩሳት፥ ከባድ ራስ ምታት፥ ማስታወክ፥ ብርሃን መፍራት ወይም መቃዠት ከአንገት መገተር ጋር ቢመጣ፥ ማጅራት ገትር በሰዓታት ውስጥ ስለሚከፋ ነገ ሳይሉ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ድንገት እንደ ዱላ የመታ፥ ከዚህ በፊት ያላዩት ሕመምም እንደዚሁ ነው። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመም፥ የእጅ ወይም የእግር መዛልና መደንዘዝ፥ ሲራመዱ መንገዳገድ፥ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፥ የደረት ሕመም ቢኖርም አይዘግዩ። ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ከታከሉበት ደግሞ፥ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ አከርካሪንም የሚይዝ ስለ ሆነ መመርመር ይገባል። ወጌሻ ዘንድ ሄደው አንገትዎን በኀይል አስጠምዝዘው እንዳያስቀጩት ግን አደራ፤ አልፎ አልፎ የደም ሥር ቀድዶ የአንጎል ጉዳት ያመጣል።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለና አንድ ሐኪም በሚገባ ካየዎ፥ ቃሉን ይመኑት። በየግማሽ ሰዓቱ ከወንበርዎ ይነሡ፤ አንገትዎን ቀስ እያሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩ፤ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ያድርጉበት። አብዛኛው የአንገት ሕመም በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። «እስቲ ልፈትሽ» የሚል ሐሳብ ሲመጣብዎ ሰዓትዎን ተመልክተው ለአንድ ሰዓት ያቆዩት፤ ነገ ደግሞ ለሁለት። ፍርሃቱ እንቅልፍና ሥራ ከነሣዎ ይህም ራሱ ሕክምና አለውና አይፈሩ፤ ከሥነ ልቡና ባለሙያ ጋር በመነጋገር ሐሳብንና ልማድን ማረም ብዙ ሰዎችን እንደ ረዳ በጥናት ታውቋል።

የእህቴን ገንዘብ በሁለት ወር መለስሁ። አንገቴ ዛሬም ወረቀት ሲበዛብኝ ይይዘኛል። ሲይዘኝም እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ግቢውን አንድ ጊዜ እዞርና እመለሳለሁ፤ አገጬን ግን አልሞክርም።

እስከሚመጣው ሳምንት ድረስ ቀና ብለው ይቆዩኝ።