«እኛ» ስንል ማንን ነው?

ባለፈው ዕትማችን አንድ አጭር ልብ ወለድ አርመን አውጥተን ነበር። አርመን ስንል ፊደል ለቅመን ማለታችን አይደለም። ጸሐፊዋ የዲመካ ልጅ ናት፤ ታሪኩን የምትተርከውም አንዲት የሐመር ልጃገረድ ናት። ወንድሟ ከብት የሚዘልበት ቀን ደርሷል። እህቶቿና የአጎቶቿ ልጆች ሁሉ ቅቤና ቀይ አፈር ተቀብተው፣ ባታቸው ላይ ቃጭል አስረው፣ ጥሩምባ እየነፉ፣ ማዞቹን «ግረፉን» ብለው ሊለምኑ ይወርዳሉ። (ማዝ የሚባሉት ከብቱን ዘለው ገና ያላገቡት ወጣቶች ናቸው።) ባለታሪኳ ግን ትቀራለች። ወንድሟን ጠልታ አይደለም፤ ፍቅሯን በጀርባዋ ላይ ማስጻፍ ስላልፈለገች ነው። ሌላ ነገር የለውም፤ ሁለት ገጽ ተኩል ታሪክ ነው።

እኛ የዝግጅት ኮሚቴው አባላት ተሰበሰብን፤ ሻይ ጠጣን፤ «ይህች ገጸ ባሕርይ ሐመርን አትወክልም» አልን። ከመካከላችን ሐመርኛ የሚሰማ አንድም ሰው አልነበረም። እርሳስ ተነሳ። «እኔ» የሚለው ቃል ሰባት ቦታ ላይ ተሰርዞ «እኛ» ተባለ። መጨረሻውም ተለወጠና ልጅቱ ሄዳ ተገረፈች። ስቴንስል ላይ ተመታ፣ ተባዛ፣ ታደለ።

በዚያው ሰሞን በረቡዕ ምሽት ውይይታችን ላይ ስለ ዲስቶፒያ ሥነ ጽሑፍና ፊልም ተነሳ። ይኸውም ሥልጣን የሰውን ልጅ እስከ አልጋውና እስከ ሕልሙ ድረስ ተከትሎ የሚገዛበትን ዓለም የሚያሳየው ዓይነት ድርሰት ነው። አንድ ወዳጃችን ብድግ አለና «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ እነሱ ግለኞች ስለሆኑ መንግሥት ‹እኔ›ዬን ነጠቀኝ ብለው ያለቅሳሉ፤ የእኛ ባህል የጋራ ነው፤ እኛ ዘንድ ‹እኔ› የሚባል ነገር ቀድሞም አልነበረም» አለ። ተጨበጨበለት። እውነቱን ለመናገር እኛም አጨብጭበናል። ያኔ የዲመካዋ ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣችና «ታሪኬን ስታርሙ እናንተ ማን ነበራችሁ?» ብላ ጠየቀች። የመለሰ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው፤ ግለ ሂስ ነው ብሎ የሚጠራው ካለም አንከለክልም።

ከፈረንጆቹ እንነሳ። ሩሲያዊው የቭጌኒ ዛምያቲን እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921 የጻፈው ልብ ወለድ ርዕሱ «እኛ» ነው። ሰዎቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ነው ያላቸው። ቤታቸው ከመስታወት የተሠራ ነው። የበላያቸው ገዢም «በጎ አድራጊ» ይባላል፤ መጨረሻ ላይ በቀዶ ሕክምና የሰውን ምናብ ቆርጦ ያወጣል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ1924 ኒውዮርክ ላይ ሲታተም በገዛ አገሩ ግን እስከ 1988 ድረስ አልታተመም። ዛምያቲን ራሱ የአብዮት ልጅ ነበር፤ በዛሩ ዘመን ታስሯል። ታዲያ ይህ ሰው የጻፈው ማኅበርን ጠልቶ ነውን? አይደለም። እሱ የጠላው አንድ ቢሮ «እኛ» የሚለውን ቃል ወስዶ ማኅተም ሲያደርገው ነው። ጆርጅ ኦርዌል መጽሐፉን አንብቦ በ1946 ሂስ ጻፈበት፤ የራሱን «1984» ደግሞ በ1949 አወጣ።

እዚህ ላይ ለሌላኛው ወገንም አንድ ቃል አለን። በግቢያችን በጆሮ ማዳመጫ ጆሮውን ደፍኖ፣ ከማንም ሰላምታ ሳይለዋወጥ «እኔ ዊንስተን ነኝ» የሚል አለ። አይ ወንድሜ! ዊንስተን የተሸነፈው ብቻውን ስለነበር ነው። ኦርዌል ያሳየን ፓርቲ መጀመሪያ የሚያፈርሰው ማኅበሩን ነው፤ ልጅ አባቱን ይጠቁማል፣ ፍቅረኛ ፍቅረኛውን አሳልፎ ይሰጣል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት በየቀበሌው አዳራሽ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያጋልጥ ሲገደድ የፈረሰው የግለሰቡ «እኔ» ብቻ ነበርን? ዕድሩም፣ ማኅበሩም፣ ቡና መጠራራቱም ነው የፈረሰው። ሬሳ ማንሳትና ማልቀስ እንኳ ወንጀል ሆኖ ነበር። እንግዲህ «ግለሰብ ወይስ ማኅበረሰብ?» የሚለው የረቡዕ ምሽት ጥያቄያችን ከመነሻው የተንጋደደ ነው። ሥልጣን ሁለቱንም ይበላል፤ ሲበላ ግን በአንዱ ስም ነው የሚበላው።

«የፈረንጅ ቅንጦት» ለሚለው ደግሞ መልሱ አማርኛ መደርደሪያ ላይ አለ። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» ብሎ ጻፈ። ገና ያልተወለደ ልጅ ከማኅፀን ሆኖ ይናገራል፤ ሊመጣበት ያለውን ዓለም ያውቀዋልና አልወለድም ይላል። ከዚህ የበለጠ «እኔ» ከየት ይመጣል? ገና ስም አልወጣለትም፣ ቀበሌም አልመዘገበው፣ እንቢ ግን ብሏል። የንጉሡ መንግሥት መጽሐፉን ከገበያ ሰበሰበው። ያልተወለደ ሕፃን የፈራ መንግሥት ነው!

ከዚያ «ኦሮማይ» አለ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል ያወጣው ይህ ልብ ወለድ ስለ መጪ ዘመን አይደለም፤ ገና ላቡ ስላልደረቀው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ተራኪው ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ ሊመራ አሥመራ ይሄዳል። ሥራው በቀን ከሌት «እኛ» ማለት ነው፦ እኛ አብዮታውያን፣ እኛ ሰፊው ሕዝብ፣ እኛ አንድነት። ልብ ወለዱ የተጻፈው ግን በ«እኔ» ነው። እኔ አየሁ፣ እኔ አፈቀርኩ፣ እኔ ተጠራጠርኩ ይላል። ሌላ ወንጀል አልፈለጉበትም። ደርግን የሚሰድብ ተራ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ቀላል ነበር፤ ችግሩ ከራሱ አፈ ጉባኤ ጉሮሮ የአንድ ሰው ድምፅ መውጣቱ ነው። በዓሉ የውጭ ሰው አልነበረም፤ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን የጻፈም እሱ ነው። መጽሐፉ ተሰበሰበ። እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። በፈረንጅ አቆጣጠር ጊዜው 1984 ነበር። ይህን ገጠመኝ ልብ ወለድ ውስጥ ብናገኘው «አጋነነ» ብለን በእርሳሳችን በሰረዝነው ነበር። «ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል፤ የደራሲው መቃብር ግን የት እንደሆነ ዛሬም አልታወቀም።

ፊልም ለሚወድም የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» አለለት፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ተሸልሟል። የመንደር ልጆች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ይኖራሉ። የዲስቶፒያ ፊልም የብረት ከተማና የሚበር መኪና ያስፈልገዋል ያለ ማን ነው? ዋሻና የሚያለቅሱ እናቶች ይበቁታል።

አሁን ወደ ዲመካ እንውረድ፤ እኛም ወርደናል። ከጂንካ ተነስተን በቀይ አፈር በኩል ለቅዳሜ ገበያ ደረስን። ጸሐፊዋ አብራን ነበረች፤ በመንገዱ ሁሉ ስለ ታሪኩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ይህ ከስድብ በላይ ከብዶን ነበር። ገበያው ውስጥ ማሽላ፣ ማር፣ ቅቤ፣ ቀይ አፈር፣ የሸፈሮ ቡና ገለባ ይሸጣል። ጎብኚዎችም አሉ። አንዱ ካሜራውን ሲደቅን «ሐመር» ብሎ አነሳ፤ ስሟን አልጠየቃትም። አፈርንበት። ወዲያው ግን እኛም ስም እንዳልጠየቅን ትዝ አለን። ብዙዎቻችን አማርኛ አንባቢዎች ሐመርን ያወቅነው በፍቅረ ማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ» ነው፤ ቡስካ ተራራን በአካል ሳናየው በወረቀት ወጥተነዋል። መጽሐፉን አንነቅፍም። የምንነቅፈው አንድ መጽሐፍ አንብቦ ስለ አንድ ሕዝብ እርሳስ ማንሳትን ነው።

ደግሞስ ሐመር ውስጥ «እኔ» የለም ያለን ማን ነው? ዣን ላይዳልና ኢቮ ስትሬከር የሚባሉ ሁለት አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ሐመር ሦስት ቅጽ አሳትመዋል፤ ሁለተኛው ከዳር እስከ ዳር ባልዳምቤ የተባለ የአንድ ሐመር ሰው ገለጻ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አገሩን በራሱ አፍ ይናገራል። ከብት ዝላዩንም እንይ። ዘሎ የሚሻገረውን ልጅ ኡኩሊ ይሉታል። ከብቱን ማዞቹ በቀንድና በጅራት ይዘው ያሰልፉለታል፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል፣ ሴቶቹ ይዘፍናሉ። ጀርባ ላይ ሲወጣ ግን ራቁቱን ነው፣ ብቻውንም ነው። ማንም አይሮጥለትም። ለአስተዳደሩም ዘርሲ የሚሉት የባለትዳር ወንዶች ሸንጎ አላቸው፤ ተነስቶ የተናገረ ይሰማል። «በጎ አድራጊ» የለውም።

እሺ፣ ይህን ብለን ብንተወው ደግሞ ሌላ ውሸት ነው። የማኅበረሰብ «እኛ» ሁሌም ደግ አይደለም። ሚንጊን እናውቃለን፦ የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን መርገም ያመጣል ተብሎ የሚጣልበት ልማድ ነው። ከሐመር ጎረቤት ከካራ ሕዝብ የተወለደው ላሌ ላቡኮ ይህን ልማድ «እኔ አልቀበልም» ብሎ ተነሳ፤ ሕፃናቱን ሰብስቦ አሳደገ፤ ሽማግሌዎቹንም እየዞረ ለመነ። እ.ኤ.አ. በ2012 ካራ ልማዱን በይፋ ተወ። የተወው ግን ማን ነው? ራሱ ሸንጎው ነው፤ ከውስጡ የወጣ አንድ ሰው ተናግሮት። ከዚህ ጋር ከላይ የመጣውን «እኛ» አስተያዩት። በ2009 ዓ.ም. ግልገል ጊቤ ሦስት ተመረቀ፤ የኦሞ ዓመታዊ ሙላት ቀረ። ሙላቱ ሲሸሽ በዳርቻው ማሽላ የሚዘሩት ካራ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች ናቸው። በወንዙ ዳር ለስኳር ልማት መሬት ተጠረገ፤ አርብቶ አደሩም መንደር እንዲሰበሰብ ተነገረው። (የስኳሩም ፕሮጀክት ስሙ ኩራዝ ነው፤ የ«ኦሮማይ»ም አሳታሚ ኩራዝ ነበር፤ ስም ምን ያደርጋል።) መብራትና ስኳር አንጠላም፤ ይህ ጽሑፍም የተመታው በአምፖል ብርሃን ነው። ጥያቄያችን «ለእናንተ የሚበጃችሁን እኛ እናውቃለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለችው «እኛ» ዳሰነቹን ትጨምራለች ወይ ነው። አትጨምርም። እኛ ለዲመካዋ ጸሐፊ ያልናትም ቃል በቃል ይኸንኑ ነበር።

«ትንሽ እርማት ናት፣ ምን ታጋንናላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ቴሪ ጊሊያም እ.ኤ.አ. በ1985 በሠራው «ብራዚል» የተባለ ፊልም አንዲት የሞተች ዝንብ የመሥሪያ ቤት ማተሚያ ውስጥ ትወድቃለች፤ በአንድ ፊደል ስህተት «ተትል» የነበረው ስም «በትል» ይሆናል፤ ምንም የማያውቅ የቤተሰብ አባት ተይዞ ይሞታል። ለሚስቱ ደረሰኝ ይሰጧታል። ማባዣ መኪና የያዘ ሁሉ ይህን ፊልም ቢያይ ደስ ይለናል። የእኛ ማባዣ ሰው አልገደለም፤ ነገር ግን ሳትገረፍ የቀረችን ልጅ ወስዶ አስገርፏል፤ ያስገረፍናትም በባህል ስም ነው።

ከዲመካ ስንመለስ ጸሐፊዋን ይቅርታ ጠየቅናት። «ይቅርታችሁን አስቀምጡትና ወረቀቴን መልሱልኝ» አለች። ታሪኩ በዚህ ዕትም እንደገና ወጥቷል፣ ልክ እንደጻፈችው። አንድ ነገር ብቻ አስገድዳናለች፦ የእኛ እርማት ከጎኑ በቅንፍ እንዲቀመጥ፣ ሁሉም እንዲያየው። ሰባተኛው «እኔ» ላይ ስቴንስሉ ስለተቀደደብን በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ በእጅ ጽፈን ሞልተነዋል፤ ቀለሙ እጅ ቢያበላሽ አንባቢ ይታገሠን።