ጽሕፈት መኪናው ለቆራሌው?

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አሉ! ፈረንጅ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን «ሞዴል ኤም» የተባለ የአይቢኤም ኪቦርድ፣ ቀጭ ቀጭ ማለቱን ወዶ፣ አቧራውን ጠርጎ ይሰበስባል። እኛስ? ፊደላችንን የተሸከመውን ጽሕፈት መኪና በኪሎ ለቆራሌው!

ጉዳዩ ወዲህ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 መልክ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። የጽሕፈት መኪና ቁልፍ ግን ሃምሳ አይሞላም፤ አንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢይዝም መቶ አይደርስም። ታዲያ የት ይግባ? ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ ዓመተ ምሕረት መላ ዘየዱ፦ ፊደሉን አካልና ቅጥያ አድርጎ መገጣጠም። ቅጥያው አንዳንዴ ተንጋዶ ቢቀመጥም ማመልከቻውም፣ ደብዳቤውም፣ የፍርድ ግልባጩም ስንት ዓመት በዚያ ተጻፈ። ዛሬ በስልክ ተነባቢውን ነክተን አናባቢውን ስናስከትል ከዚያ ብልሃት መች ራቅን?

እንግዲህ የሚመለከተው ክፍል ይስማ! በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር፣ ከቱም እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ፣ ዝናቡ ለብረት አይመለስም። መጋዘን የተጣለ መኪና ዝጎ ያልቃል፤ የተረፈው «ንብረት ማስወገድ» በሚባል ፈሊጥ ይሸኛል። የሚጠየቀው ሚሊዮን ብር አይደለም። እያንዳንዱ ወረዳ አንድ መኪና ዘይት ቀብቶ በባህል ቢሮው ያስቀምጥ። የድሮዎቹ ታይፒስቶችም በሕይወት ሳሉ ተጠርተው አመታቱን ለልጆች ያሳዩ። መኪናው ቢገኝ እንኳ ጣታቸው ካለፈ በኋላ ማን ያስተምረናል?