መሬት ተንቀጠቀጠ፤ የገደለው ግን ማን ነው?

ባለፈው እሑድ ማታ ከውኃ ቦኖው አጠገብ በተነሣው ጭውውት አንድ ወንድማችን «የመሬት መንቀጥቀጥ የፈጣሪ ቁጣ ነው፤ የሚያጠፋውም ኃጢአተኛውን ነው» ሲል ብዙዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኛም ዝም ብለን ወደየድንኳናችን ገባን። ዝምታችን ጥፋት ነበርና ዛሬ በጽሑፍ እንመልሳለን። ይህ አነጋገር ዛሬ ካልተነቀፈ ነገ «ስደታችሁም የኃጢአታችሁ ዋጋ ነው» መባላችን አይቀርም።

ሊዝቦን የተናወጠችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 በቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት ነበር። ሕዝቡ አብያተ ክርስቲያናቱን ሞልቶ፣ ሻማ አብርቶ እያስቀደሰ ሳለ ጣራው ተናደበት፤ ከዚያም ባሕሩ ገነፈለ፤ ሻማውና ምድጃው ያስነሡት እሳትም ከተማይቱን በላ። ማላግሪዳ የተባለ ካህን ያን ጊዜም ቁጣ ነው ብሎ ሰበከ። ቁጣው ታዲያ በአስቀዳሹ ላይ ነው እንዴ የሚጀምረው?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ሄይቲ በ7.0 መጠን ተመታች። በ46ኛው ቀን ቺሊ በ8.8 ተመታች፤ ጉልበቱ የሄይቲውን 500 እጥፍ ያህላል። በሄይቲ ከ100,000 በላይ ሰው አለቀ፤ በቺሊ የሞቱት ከ500 እምብዛም አይበልጡም። የቺሊ ሰዎች ከሄይቲ ሰዎች ይልቅ ጻድቃን ናቸው የሚል ካለ ይውጣና ይናገር! እርግጥ የሄይቲው ከዋና ከተማዋ አፍንጫ ሥር የተነሣ ነበር፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ቺሊ ከቀደመው መከራዋ ተምራ የሕንፃ ሕግ ነበራት፤ የሄይቲ ድኃ ግን ሲሚንቶው በሳሳ፣ ብረቱ በቀጠነ ቤት ሥር ተኝቶ ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበን ግን የማናጓ ነገር ነው። የኒካራጓ ዋና ከተማ በ1931 ፈርሳ እዚያው ስንጥቅ ላይ ተሠራች። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1972 ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደ ገና ተናወጠች። በእንጨት ማገር መካከል ጭቃና ድንጋይ የተጠቀጠቀባቸው የድኃ ቤቶች (የእኛን አገር ጭቃ ቤት ያስታውሰናል) በተኛው ሕዝብ ላይ ተጫኑ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሞተ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ቤት አልባ ሆነ። ዓለም አዘነ፤ እህል፣ መድኃኒትና ብርድ ልብስ ጎረፈ። የአስቸኳይ ጊዜ ኮሚቴውን ማን መራው? አምባገነኑ ሶሞዛ ራሱ! ዘበኞቹ ሱቅ ዘረፉ፤ እርዳታው ለተጎጂው ሳይደርስ ለገበያ ወጣ፤ መልሶ ግንባታውም የእርሱና የወዳጆቹ ንግድ ሆነ። ሮቤርቶ ክሌመንቴ የተባለው የፖርቶ ሪኮ ዕውቅ የቤዝቦል ተጫዋች የላከው እርዳታ በመንገድ እንደሚቀር ቢሰማ «እኔው አደርሳለሁ» ብሎ ከጭነቱ ጋር ተሳፈረ፤ አውሮፕላኑ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀን ባሕር ገባና ሞተ። ሕዝቡ አልረሳም። ሶሞዛ በ1979 ከአገር ሸሸ።

ስለዚህ በመጋዘናችን የገባውና የወጣው እህል በየወሩ ተጽፎ በግድግዳው ላይ ይለጠፍ ስንል «ነገር ፈላጊዎች» መባላችን አይከፋንም። የሚከራከረን ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ ወረቀቱን ግን ራሱ ይዞ ይምጣ፣ የእኛ አልቋል።