የእድሩ እቃ ቤት ቁልፍ

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ቤተል አካባቢ፣ የሰፈራችን እድር እቃ ቤት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሰልስት ባለፈ ማግስት ንብረት ያዡ ጋሼ መዝገባቸውን ይዘው በሯ ላይ ይቆማሉ። ሰሃኑ እየተገለበጠ ይቆጠራል። ከጀርባው የእኛ ቀይ ቀለም የሌለበት ከጎረቤት እድር ተቀላቅሎ የመጣ ነውና ለብቻው ይቀመጣል። ድንኳኑ ፀሐይ ላይ ይዘረጋል፤ እርጥቡን ከታጠፈ ይሻግታል። ለቅሶ ቤት ገብተን አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ ይህን ሁሉ የምናስብ ስንቶቻችን ነን?

የሊኑክስ ፓኬጆችን፣ ማለትም ለኮምፒውተር ተሰናድተው የሚቀርቡ ፕሮግራሞችን፣ በነፃ የሚጠብቁ ሰዎችን ሳስብ ፊቴ ላይ ድቅን የሚሉት እኚህ ሰው ናቸው። ኦፕን ሶርስን ለአገራችን ሰው የሚያስረዱ ብዙዎች “ደቦ ነው” ይላሉ። እኔም እንዲያ እል ነበር፤ አሁን ግን ምሳሌው እንዳሳሳተን አምናለሁ። ደቦ አዝመራ ሲደርስ ይጠራል፣ ጠላው ይቀርባል፣ ይዘፈናል፣ ሥራው ያልቃል። ፓኬጅ መጠበቅ አያልቅም። ጠባዩ የእድር ነው፤ ከእድርም የእቃ ቤቱ።

ከሊኑክስ ሥርዓቶች ደቢያንን እንውሰድ። ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ይህ ሥርዓት ባለቤት ኩባንያ የለውም። በነሐሴ 2025 የወጣው 13ኛው እትም ከ69,000 በላይ ፓኬጆች ሲኖሩት፣ ሙሉ አባል የሆኑት ገንቢዎች አንድ ሺህ ገደማ ናቸው። የአንድ ፓኬጅ ጠባቂ ፕሮግራሙን ብዙውን ጊዜ ራሱ አልጻፈውም። ሌላው የጻፈውን ተቀብሎ ከቀሩት ጋር እንዲስማማ አድርጎ ያሰናዳል። የተደገፈበት ላይብረሪ ሲቀየር እንደገና ያስተካክላል። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝም መድፈኛውን ሰው እየሠራበት ላለው ለቆየው እትም ይሰፋለታል። ተጠቃሚው የሚያየው ነገር ቢኖር ምንም አለመበላሸቱን ነው።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ከዚህ እቃ ቤት ስንበላ ኖረናል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ደቢያን ጭኜ መጀመሪያ የጻፍኩት የሰፈሬን ስም ነበር። “ፌ”ን ለማውጣት ኤፍን ነክቶ ካፒታል ኢ ማስከተል ነው። ይህ አጻጻፍ ሴራ ይባላል፤ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያወጡት ነው። ወደ ኮምፒውተሬ የደረሰው ጃፓን ውስጥ በተሠራው ኤም17ኤን በተባለው የጽሑፍ ማስገቢያ በኩል ነው። ፊደሉ ደግሞ የኤስአይኤል “አቢሲኒካ” ሲሆን፣ ለደቢያን የሚያሰናዱት የፎንት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው 5ኛው እትም ጋር አማርኛ ወደ መጫኛው ገባ። ያን ቀን ያሰቡና የለፉ ሰዎች ውለታ አለብን። ነገር ግን መጫኛው በየእትሙ አዲስ ዐረፍተ ነገር ይጨመርበታል፤ ትርጉሙም አብሮ ካልሄደ ገጹ ግማሽ አማርኛ ግማሽ እንግሊዝኛ ይሆናል። ለመተርጎም ስንጠራ እንመጣለን፤ በዓመቱ መዝገቡን ይዞ በር ላይ የሚቆም ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው።

እርግጥ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። እድር ለቀረ ሰው መቅጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የጸደቀው የደቢያን ሕገ ደንብ ግን ማንም ሰው ለፕሮጀክቱ እንዲሠራ እንደማይገደድ በግልጽ አስፍሯል። ታዲያ እንዴት ይቆማል? መልሱ ድካምን ነውር ባለማድረጉ ይመስለኛል። ያልቻለ ጠባቂ ፓኬጁን “ወላጅ አልባ” ብሎ በይፋ ያስመዘግባል፤ አሳዳጊም ይፈለግለታል። ጠባቂው ድምፁ ሲጠፋ የሚያፈላልግ ቡድንም አለ።

ይህ ካልሆነ የሚመጣውን እ.ኤ.አ. በ2024 አይተናል። ኤክስዜድ የሚባለውን የፋይል መጭመቂያ ላሴ ኮሊን ለዓመታት ብቻውን ማለት ይቻላል ተሸክሞታል። መድከሙንና የአእምሮ ጤናው እንዳስቸገረው በይፋ ጽፎ ነበር። ሌሎች “ለምን ዘገየህ” እያሉ ሲያጣድፉት፣ ጂያ ታን በሚል ስም የመጣ ሰው ከ2021 ጀምሮ በትሕትና ሲያግዘው ቆየ፤ ቁልፉም ተሰጠው። በየካቲት 2024 በወጣው 5.6.0 ውስጥ ሰርቨሮችን ሊከፍት የሚችል ስውር በር ተቀበረ። ፕሮግራመሩ አንድሬስ ፍሮይንድ የደረሰበት ገና ባልተረጋጋው የደቢያን ቅርንጫፍ ላይ ሲሠራ፣ ከርቀት ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው በኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው። በፈረንጆቹ መጋቢት 29 ቀን ይፋ አደረገው፤ የተረጋጋው እትም ሳይነካ ተረፈ። ፍሮይንድን ሁሉም አመሰገነ፤ ይገባዋልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ኮሊን ያን ሁሉ ዓመት ብቻውን መቁጠሩ ነው።

ስለዚህ የኮምፒውተር ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ የአንድ ሰሞን አዲስ ፕሮግራም ከሚሠሩ፣ አራት አምስት ሆነው የአማርኛ መጫኛውን ትርጉም ወይም አንድ የግዕዝ ፎንት ቢይዙ እመርጣለሁ። አንዱ ሲመረቅ ለታናሹ ያስረክባል። ሥራው ስም አያስጠራም፤ ያም ሆኖ ሕዝብ የሚጽፍበት ነው።

ጋሼ ዘንድሮ ጉልበታቸው ደክሟል። ለጉባኤው ተናግረው ሁለት ወጣቶች ተመረጡላቸው፤ ቁልፉን ግን ወዲያው አልሰጡም። ሦስት ለቅሶ አብረዋቸው እንዲቆጥሩ አደረጉ። ባለፈው እሑድ ድንኳኑን ሊያጥፉ ሲሉ አንደኛው ጥጉን በመዳፉ ዳበሰና እርጥብ ሆኖ አገኘው። ምንም ሳይናገር መልሶ ፀሐይ ላይ ዘረጋው።