ውዝፍ ግብር ከብቱ ከመነዳቱ በፊት

የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ለገበሬው እንግዳ ነገር አይደለም። በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ከተደነገገ ወዲህ ደረሰኙ በየጎጆው ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ሰነድ ሆኗል። ችግር የሚነሣው ግብሩ ሲወዘፍ ነው።

ቤት ሲሸጥ ግብሩ ሳይጣራ ስም አይዛወርም። በሬና በግ ግን ስም ማዛወሪያ የላቸውም። ደባርቅ ወይም ዳባት ገበያ ላይ ገመዱ ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ በኋላ ውዝፉን ከማን ይጠይቋል?

ጊችን እናስታውስ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ገብስ እያመረተና ከብት እያረባ ይኖር የነበረው ሕዝብ በ2008 ዓ.ም. ካሣ ተከፍሎት ወደ ደባርቅ ተዛውሯል። በተከታዩ ዓመት ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ሕዝቡ የግብር ዕዳ ነበረበት ማለታችን አይደለም። ነገር ግን መንደር በሙሉ ሲነሣ መዝገቡ በቀድሞው ቀበሌ ይቀራል፤ ከተማ ዳር ግጦሽ ስለሌለም ከብቱ ይሸጣል። እንዲህ ላለው ጊዜ አስቀድሞ መዘጋጀት ይገባል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ፣ ግብሩ ሳይሰበሰብ ይቀራል ተብሎ ሲታመን ንብረት ወዲያውኑ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ይህ ለከተማ ነጋዴ ይስማማ ይሆናል። ጥማድ በሬ ብቻ ላለው ገበሬ ግን እንዲህ ያለው እርምጃ የከርሞውን እርሻ መያዝ ነው። ገበያ በር ላይ ቆሞ ገመድ መቀማትም ከብቱን በሌሊት በገደል መንገድ ያስነዳ እንደሆነ እንጂ ግብር አያስገባም።

ስለዚህ ሒሳቡ መታየት ያለበት ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ እዚያው ቀዬው ላይ ነው። የባለዕዳው ስምና የገንዘቡ ልክ በቀበሌው ስብሰባ ይነበብ። ገበሬው ደረሰኙን ይዞ ይቅረብ፤ መዝገቡ ያልከፈለ ቢለውም ደረሰኝ ያለው ነጻ ይሁን። ደረሰኝ ሳይቆረጥለት የከፈለ ሰው ቢኖር ጥያቄው ለተቀባዩ እንጂ ለእርሱ ብቻ ሊሆን አይገባም።

በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ያመፀው መሬቱ ሲለካ ርስቴን እነጠቃለሁ ብሎ በመስጋቱ ጭምር ነበር። ዛሬም ቢሆን ካሣውን ሊቀበል የተሰለፈ ሰው ስለ ውዝፉ መጀመሪያ የሚሰማው ከገንዘብ ከፋዩ መስኮት ሥር መሆን የለበትም። ቢያንስ አንድ የመከር ወቅት ቀድሞ ይነገረው፤ በአንድ ጊዜ መክፈል ያልቻለም በሁለት መከር ይክፈል።