አውራ ጣትና የአየር ቧንቧ፦ አኩፕሬሸር ለአስም ሕሙማን ይፈቀድ?

በሰውነታችን ላይ የሚገኙ የተወሰኑ ነጥቦችን በጣት በመጫን ሕመምን ማስታገስ ይቻላል የሚለው ጥንታዊ የቻይናውያን የሕክምና ዘዴ አኩፕሬሸር ይባላል። መርፌ ከሚጠቀመው ከአኩፓንክቸር የሚለየው ቆዳን የማይበሳ በመሆኑ ነው። ዘዴው ለአስም ሕሙማን ይጠቅማል የሚሉ ጽሑፎችና ሥዕሎችም ዛሬ ማንኛውም ተማሪ በእጅ ስልኩ ሊያገኛቸው የሚችል ሆነዋል። በእኔ አስተያየት አኩፕሬሸር ለአስም ሕመምተኛ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ሊፈቀድለት ይገባል። ይሁን እንጂ ከፈቃዱ ጋር የሚሰጥ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ይኸውም ነጥቡን ከተጫነ በኋላ የሚሰማውን እፎይታ እንዳያምን ነው። አነጋገሩ እንግዳ ሊመስል ስለሚችል ምክንያቱን ማስረዳት ያስፈልጋል።

አስም በሳምባችን ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተሠራጩት የአየር ቧንቧዎች ለረዥም ጊዜ የሚቆጡበት በሽታ ነው። የተቆጣው የቧንቧ ግድግዳ ያብጣል፣ ወፍራም አክታም ያመነጫል። ዙሪያውን የከበበው ጡንቻ ደግሞ በአቧራ፣ በምድጃ ጢስ፣ በብርድ ወይም በአበባ ብናኝ ሰበብ ይኮማተራል። በፊዚክስ ትምህርት የፈረንሳዊውን የፑዋዜይን ሕግ የተማረ አንባቢ የዚህን መዘዝ በቀላሉ ያሰላዋል። ሳይታወክ በቀጭን ቧንቧ ለሚያልፍ ፈሳሽ ወይም አየር የቧንቧው ራዲየስ በግማሽ ቢቀንስ የሚገጥመው ተቃውሞ 16 እጥፍ ይሆናል። ጥቂት የምትመስል ጥበት ሕመምተኛውን ለምን እንደምታስጨንቀው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 455 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። አብዛኞቹ ሟቾች መድኃኒቱ እንደልብ በማይገኝባቸው ዝቅተኛና መለስተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በጅማ ከተማ ነዋሪዎች ዘንድ አስም ከአካባቢው ገጠር ይልቅ በርክቶ እንደተገኘ አመልክቷል። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ዘመናዊው ሕክምና ለዚህ በሽታ ሁለት ዓይነት መሣሪያ አለው። አንደኛው ከ1969 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሳልቡታሞል ነው። ይህ መድኃኒት በጡንቻው ሕዋሳት ላይ የሚገኙትን ቤታ-2 የተባሉ ተቀባዮች በመቀስቀስ የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ መቆጣቱን ግን አያክምም። ሁለተኛው መቆጣቱን የሚያበርደውና በየቀኑ ወደ ውስጥ የሚሳበው ስቴሮይድ ሲሆን የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያው፣ ቤክሎሜታዞን፣ በ1972 ለሕሙማን ቀረበ። ከ2019 ወዲህ ጂና በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ አዋቂዎችና ጎረምሶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል። ምክንያቱ ለጉዳያችን ቁልፍ ነው፤ ሕመምተኛው በየጊዜው እፎይታ እያገኘ፣ ሥር ያለው መቆጣት ግን እየተባባሰ ሊሄድ ይችላልና።

አሁን ወደ ጣቶቻችን እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት የምዕራብ ፓሲፊክ ጽሕፈት ቤት በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ የ361 ነጥቦች አቀማመጥ ተዘርዝሯል። ለአስም ከሚመረጡት መካከል ከደረት በላይኛው ጠርዝ፣ ከብርኩማ አጥንት ሥር፣ ወደ ትከሻ ጠጋ ብሎ የሚገኘው ዦንግ ፉ፣ እንዲሁም ከእጅ አንጓ በስተውስጥ በሁለት ጅማቶች መካከል ያለው ኔይ ጓን ይገኙበታል። ስሙ ራሱ «የሚያፍን ትንፋሽን ማረጋጊያ» የሚል ትርጉም ያለው ዲንግ ቹዋን ደግሞ ከማጅራት ግርጌ ጎላ ብሎ ከሚወጣው አጥንት ግራና ቀኝ ነው። (የሚገርመው ይህ ስመ ጥር ነጥብ ከ361ዱ ውጪ ነው፤ ባለሙያዎቹ «ተጨማሪ» ከሚሏቸው ይመደባል።)

ነጥቦቹን መጫን አንዳች ለውጥ ያመጣልን? በ2003 በታይዋን በ41 የአስም ሕሙማን ላይ የተደረገ የመነሻ ጥናት ከተለመደው ሕክምና ጋር አኩፓንክቸር ወይም አኩፕሬሸር የተጨመረላቸው ሕሙማን በኑሮ ጥራት መጠይቅ የተሻለ ውጤት እንዳሳዩ ዘግቧል። መጠይቅ ግን ሕመምተኛው ስለ ራሱ የሚናገረውን ይመዘግባል፤ የቧንቧውን ስፋት አይለካም። በዚህ ነጥብ ላይ ለተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው ሙከራ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ተካሂዶ በ2011 ዘ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ 46 የአስም ሕሙማንን መዝግበው 39ኙ እስከ መጨረሻው ዘለቁ። እያንዳንዱ ሕመምተኛ በተለያየ ቀን አራት ዓይነት ነገር ተደረገለት፦ እውነተኛ ሳልቡታሞል፣ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ፓፍ፣ ቆዳን የማይወጋ የማስመሰያ አኩፓንክቸር፣ ወይም ምንም ሳይደረግለት ዝም ብሎ መጠበቅ።

«ምን ያህል ተሻለህ?» ተብለው ሲጠየቁ ሕሙማኑ በሳልቡታሞል 50 በመቶ፣ በማስመሰያው ፓፍ 45 በመቶ፣ በማስመሰያው አኩፓንክቸር 46 በመቶ፣ ዝም ብለው ሲጠብቁ ደግሞ 21 በመቶ መሻሻል እንደተሰማቸው ተናገሩ። በስሜታቸው ብንፈርድ እንግዲህ መድኃኒቱና ማስመሰያው አይለያዩም። ይሁንና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በኃይል የሚያስወጡት የአየር መጠን ሲለካ ሳልቡታሞል 20 በመቶ ጭማሪ ሲያሳይ የተቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው 7 በመቶ ገደማ ብቻ አሳዩ። የማስመሰያው መርፌ ለቧንቧው ያደረገለት ዝም ብሎ ከመቀመጥ የበለጠ አልነበረም።

በሙከራው የተፈተነው አኩፕሬሸር እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም። ሆኖም አንድ ሰው በጥንቃቄ ሲነካንና ሲንከባከበን የሚሰማን እፎይታ ከቧንቧው መከፈት ተለይቶ ብቻውን ሊቆም እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። «ሰውነት ሲዝናና ቧንቧውም አብሮ ይላላል» የሚለው የተለመደ ማብራሪያም በሥነ አካል ዕውቀት ሲመረመር አያስኬድም። የዕረፍት ጊዜ ሥራን የሚመራው ቬገስ የተባለው ነርቭ አሴቲልኮሊን በማመንጨት የቧንቧውን ጡንቻ ያኮማትራል፤ የሚያላላው የድንጋጤና የሩጫ ሆርሞን የሆነው አድሬናሊን ነው። በሌላ በኩል ለአኩፕሬሸር የሚቆም አንድ ፍትሐዊ ክርክር አለ። የተጨነቀ ሕመምተኛ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ አየሩ ሳይወጣ በሳምባው ይታመቃል፤ ጭንቀቱ ሲበርድና አተነፋፈሱ ሲረጋ ይህ ሊቀልለት ይችላል። ይህንን ጥቅም አልንቀውም፤ የአስም ሕመምተኛ ሌሊቱን በፍርሃት እንደሚያሳልፍ የሚያውቅ ሰው ሊንቀው አይችልም።

«ዋናው ነገር ሕመምተኛው ደኅና መሆኑ ከተሰማው አይደለምን?» የሚሉ ይኖራሉ። ስለ ወገብ ሕመም ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር። በቀዶ ሕክምና ማግስት የሚመጣውን ማቅለሽለሽ ለመቀነስም ኔይ ጓንን መጫን እንደሚረዳ በርካታ ሙከራዎች ደግፈዋል፤ ማቅለሽለሽ ራሱ ስሜት ስለሆነ ስሜቱ ከጠፋ ሥራው ተጠናቀቀ ማለት ነው። በአስም ግን የትንፋሽ ማጠር ስሜት የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። በ1994 የጃፓን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ከአስም ለጥቂት ከሞት የተረፉ ሕሙማን የትንፋሽ ማጠርን የመገንዘብ አቅማቸው የደነዘዘ ሆኖ ተገኝቷል። ደወሉ ዝቅ ያለበት ሰው ዘግይቶ ሐኪም ቤት ይደርሳል። ቧንቧውን ሳይከፍት ደወሉን ብቻ ዝም የሚያሰኝ ዘዴ በተማሪዎች መኖሪያ ክፍል ውስጥ በሌሊት ምን ሊያስከትል እንደሚችል አንባቢ ያስበው።

ስለሆነም አስሙ በተነሳበት ሰዓት ቅድሚያው ሐኪም ያዘዘው የሚሳብ መድኃኒት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም መድኃኒቱን ወስዶ ያልተሻለው ሰው ነጥብ እየተፈለገለት ሊቆይ አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። በደኅናው ጊዜ ግን የዕለት ስቴሮይዱን ሳያቋርጥ፣ ማታ ማታ ጥቂት ደቂቃ ዦንግ ፉን ወይም ኔይ ጓንን ቢጫን የሚጎዳው ነገር አይታየኝም። የእኔ ትልቁ ሥጋት ሌላ ነው። የሚሳበው ስቴሮይድ በገንዘብ ይገዛል፣ በየመድኃኒት ቤቱም ሁልጊዜ አይገኝም፤ አውራ ጣት ግን በነፃ ነው። «ተጓዳኝ» ተብሎ የገባ ዘዴ ኪስ ሲሳሳ ሳይታወቅ ዋናውን ተክቶ ሊቀመጥ ይችላል።

ለዚህም መፍትሔው መለካት ነው። እንግሊዛዊው ማርቲን ራይት በ1959 ያስተዋወቀው ፒክ ፍሎ ሜትር የተባለ መሣሪያ ዛሬ በፕላስቲክ ተሠርቶ በርካሽ ይገኛል። ሕመምተኛው በኃይል ሲተነፍስበት የአየሩን ፍጥነት በደቂቃ በሊትር ይነግረዋል፤ ቁጥሩ ከራሱ ምርጥ ውጤት ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ ጥንቃቄ፣ ከ50 በመቶ በታች ሲወርድ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል። የሳይንስ ክበብ አባል የሆነ የአስም ሕመምተኛ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮና መድኃኒቱን ሳይቀንስ ነገሩን በራሱ ሊፈትን ይችላል። ጓደኛው በየምሽቱ ሳንቲም ይወርውር፤ አንበሳ ከወጣ ትክክለኛውን ነጥብ፣ ካልወጣ ከነጥቡ ሦስት ጣት ያህል ርቆ ያለ ስፍራ ይጫንለት፣ የትኛውን እንደተጫነም አይንገረው። ከመጫኑ በፊትና ከተጫነ ከ15 ደቂቃ በኋላ በአንዱ ዓምድ የሚሰማውን ከ10 ነጥብ ሰጥቶ፣ በሌላው ዓምድ የመሣሪያውን ቁጥር ይመዝግብ። ከአራት ሳምንት በኋላ ጓደኛው የሳንቲሙን ማስታወሻ ያወጣና የሁለቱን ስፍራዎች አማካይ ውጤት ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ።