የልብ ሕመም ምርመራና የሕዝብ አደራ

የሰው ልብ በእናቱ ማኅፀን መምታት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ደምንም በሥሮች አማካይነት ወደ ብልቶች ሁሉ ያደርሳል። ስለዚህ ልብና የደም ሥር ሲታመሙ ሌላው አካል በጤና ሊኖር አይችልም። ዳሩ ግን ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ ራሱን ሳይገልጥ ለዓመታት ተሰውሮ ስለሚቈይ፥ በምርመራ ካልተፈለገ በቀር ታማሚው የሚያውቀው ጉዳቱ ከበረታ በኋላ ነው።

በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በጉለሌ፥ ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ሁለት ታላላቅ ቤቶች ይገኛሉ። አንደኛው በ1961 ዓመተ ምሕረት የተመሠረተው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲሆን፥ ዛሬ ሕሙማንን ከማከሙም በላይ የሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሆኖ ሐኪሞችን ያስተምራል። ሁለተኛውም የቀድሞውን የፓስተር ኢንስቲትዩት ሥራ የወረሰው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ይኸው ኢንስቲትዩት በ2007 ዓመተ ምሕረት ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከመላው አገር ባስመረመረ ጊዜ፥ ከመቶው 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ተገኘ። አንድ ሰው በቀን የሚበላው ጨውም በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ሆነ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው።

የሕፃናቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያሳዝናል። በተሕዋስያን ምክንያት የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ሳይታከም ሲቀር፥ ተሕዋስያኑን ለመከላከል የተነሣው የሰውነት ኀይል ተሳስቶ መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። የመገጣጠሚያው ቁርጥማት ያልፋል፤ የልብ በሮች ጠባሳ ግን ይቀራል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2016 ዓመት የታተመ አንድ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 3238 ልጆችን የልብን ሥዕል በሚያሳይ መሣሪያ መርምሮ፥ ከሺው 19 ያህሉ የዚህ ሕመም ምልክት በልባቸው እንዳለ አስረድቷል። ሕመሙ በመጀመሪያው ደረጃ ሥቃይ የለውምና፥ እንዲህ ያለው ልጅ ከጓደኞቹ ጋራ እየተማረና እየተጫወተ ወላጆቹ አንዳች ነገር ላይጠረጥሩ ይችላሉ።

እንዲህ ያለውን ምርመራ «ለበሽተኛው ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ሰው ቢኖር፥ መልሱ ከሌላ አገር ሳይሆን ከአፍሪካ ይገኛል። በኡጋንዳ ሕመሙ በጅምር የተገኘባቸው 818 ልጆች በሁለት ተከፍለው፥ እኩሌቶቹ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እንዲወጉ ተደረገ። በ2014 ዓመተ ምሕረት እንደ ተገለጸው፥ በሁለት ዓመት ውስጥ መርፌ ካልተወጉት ከመቶው 8 ያህሉ ሲብስባቸው፥ ከተወጉት መካከል የባሰባቸው ከመቶው አንድ እንኳ አልሞሉም። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ24 አገሮች የሚገኙ፥ በዚሁ ሕመም ምክንያት የልባቸው ምት የተዛባ ከ4500 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ፥ በሌሎች ሕሙማን ዘንድ የተመሰገነው ሪቫሮክሳባን የተባለው አዲስ መድኃኒት ከነዋርፋሪን ዐይነቱ ቀድሞ የታወቀ መድኃኒት ያነሰ ሆኖ አገኘው፤ በቀድሞው መድኃኒት የታከሙት የሞቱት ቍጥር ያነሰ ነበርና። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ በአንዱ ሕዝብና በአንዱ ሕመም የተፈተነ መድኃኒት ለሌላው ይበጃል ብሎ ያለ ምርመራ መቀበል እንደማይገባ ነው።

እንግዲህ ምርመራ የሚመሰገነው ፍሬው ወደ ተመርማሪው ሲመለስ ነው። አንድ ገበሬ ክንዱን ለደም ግፊት መለኪያ፥ አንዲት እናት ልጇን ለሐኪም አምነው በሰጡ ጊዜ አደራ አስቀምጠዋል። ውጤቱ በመጽሐፍ ታትሞ በሣጥን ቢቀመጥና ልጁ ወደ ሕክምና ሳይመራ ቢቀር፥ አደራው ተበላ ማለት ነው። ስለዚህ ሥልጣን የተሰጣቸው ሹማምንት ፔኒሲሊን በየጤና ጣቢያው እንዳይጓደል፥ የታማሚው ስም በመዝገብ ተጽፎ የመርፌው ቀን እንዳያልፍ፥ በምርመራ የተገኘበትም ሁሉ ሳይነገረውና ሳይታከም እንዳይቀር ሊተጉ ይገባል።

ካህናትም በዚህ ሥራ የሚያንስ ድርሻ የላቸውም። የነፍስ አባት ሐኪም የማይገባበትን ቤት ያውቃል፤ ቃሉም ይሰማል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ስለሚያስተምር፥ ጠበልና መድኃኒት የሚጣሉ አለመሆናቸውን ለምእመናን ማስረዳት ለካህን አዲስ ነገር አይሆንም። ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ እንጥሉን በምላጭ ማስቈረጥ ደም መፍሰስንና ሌላ ቍስልን ያመጣል እንጂ ልቡን አያድነውም፤ ይህን የነፍስ አባት ቢናገረው እናት ልጇን ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ አትዘገይም። ምርመራ ሊደረግለት የተጠየቀ ሰውም ምን እንደሚደረግለት ጠይቆ ተረድቶ ፈቃዱን እንዲሰጥ፥ ካልወደደም እንዲተው መብት እንዳለው መምከር የካህን ወግ ነው።

በጉለሌ የሚደክሙት ሊቃውንት ሥራቸው የሚፈጸመው መጽሐፋቸው ሲታተም አይደለም። የሚፈጸመው፥ ሕመሙ በጅምር የተገኘበት ልጅ መርፌውን በቀኑ ተወግቶ ሲያድግ፥ አድጎም ልጆቹን ሲያሳድግ ነው። ሹሙ በመዝገቡ፥ ካህኑ በምክሩ፥ ወላጁም በትጋቱ ሐኪሙን ቢያግዙ ይህ የሚሆን ነገር ነው።